ናፍጣና ኪሎ ሜትር፦ ስለ ከባድ መኪና የነዳጅ ፍጆታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ሾፌሮች አንድ ዓይነት መኪና ይዘው፣ እኩል ጭነት ጭነው፣ አንድ መንገድ ሄደው ይመለሱና አንዱ «በሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ሄድኩ» ሲል ሌላው «ሁለት ተኩል እንኳ አልሞላልኝም» ይላል። ወዲያው ክርክሩ ማን ማርሽ ያውቃል፣ ማን ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል ወደሚለው ይዞራል። ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱ የመጣው ከአነዳድ ሳይሆን ከአለካክ ነው። ስሌቱ ራሱ ኪሎ ሜትርን ለሊትር ማካፈል ነው፤ ተማሪ ቤት የገባ ልጅ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ሁለቱ ቁጥሮች ስለ አንድ ጉዞ የሚናገሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው።

«የቀዳሁት ሊትር ያቃጠልኩት ሊትር ነው»

የስሕተቶች ሁሉ እናት ይህች ናት። ዛሬ የተቀዳው ናፍጣ ገና ታንክ ውስጥ ነው፤ የተቃጠለው ቀድሞ የነበረው ነው። የተቀዳው መጠን ስለተቃጠለው ሊነግረን የሚችለው ታንኩ ባለፈው ሞልቶ ከነበረና አሁንም እስከዚያው ልክ ከሞላ ብቻ ነው። በመሃል ጎደሎ መቅዳት ችግር የለውም፤ ችግሩ ጎደሎውን ረስቶ ማስላት ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 412,300 ሲል ታንኩ ሞላ እንበል። መንገድ ላይ 150 ሊትር ተጨመረ፤ ታንኩ ግን አልሞላም። ቆጣሪው 413,450 ሲደርስ 310 ሊትር ገብቶ ሞላ። የተኬደው 1,150 ኪሎ ሜትር፣ የተቃጠለው 460 ሊትር፣ ውጤቱም በሊትር 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። የመጨረሻውን ደረሰኝ ብቻ የያዘ ሰው ግን 1,150ን ለ310 አካፍሎ 3.7 ያገኛል፤ በዚያ ቁጥርም ወር ሙሉ ይኮራል።

መሙላትም የራሱ ጣጣ አለው። ናፍጣ በኃይል ሲወርድ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው አፉ ድረስ ሲደርስ መቅጃው ታንኩ የሞላ መስሎት ቀድሞ ይዘጋል። መኪናው የቆመበት መሬት ካዘነበለም ታንኩ ከወትሮው ያነሰ ወይም የበለጠ ይይዛል። ሁለት ታንክ በቀጭን ቱቦ የተገናኘለት መኪና ላይ ደግሞ አንደኛው ሞላ ሲባል ናፍጣው ወደ ሌላው ገና እየተሻገረ ነው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ታንክ ውስጥ የ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ልዩነት ወደ 10 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ደልዳላ ቦታ ላይ መቆም፣ አረፋው እስኪወርድ መታገስ፣ ሁልጊዜም እስከ አንድ ምልክት መሙላት ይበጃል። ከዚህ በኋላ የሚተርፈውን ስሕተት ርቀት ይውጠዋል፦ 10 ሊትር ከ400 ሊትር 2.5 በመቶ ነው፤ ከ4,000 ሊትር ግን ሩብ በመቶ ብቻ። የአንድ ጉዞ ውጤት ይዞ ሾፌርን ማወደስም ሆነ መውቀስ የማይገባው ለዚህ ነው።

«ዳሽቦርዱ አይሳሳትም»

በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የዳሽቦርዱን ቁጥር የሚያወጣው ኮምፒውተር በቱቦ ያለፈውን ናፍጣ የሚቆጥር መሣሪያ የለውም። ናፍጣውን ሞተር ውስጥ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ለምን ያህል ቅጽበት፣ በምን ግፊት እንደተከፈቱ አይቶ ሊትሩን ያሰላል። በስሌቱና በማደያው ፓምፕ መካከል የጥቂት በመቶ ልዩነት ቢኖር አያስደንቅም፤ ኢንጀክተር ሲያረጅ ደግሞ ሊሰፋ ይችላል።

ይህ ማለት ዳሽቦርዱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስሕተቱ ወጥ ከሆነ ማረም ቀላል ነው። በርከት ባሉ ሙሌቶች ኮምፒውተሩ በድምሩ 3,800 ሊትር ካለና ፓምፑ 4,000 ካለ፣ ከዚያ ወዲያ የኮምፒውተሩን ሊትር በ1.05 ማባዛት ነው። ጥቅሙ ደግሞ ሌላም ቦታ አለ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሞተር ውስጥ የገባውን ናፍጣ ብቻ ነው፤ ፓምፑ የሚያውቀው ታንክ ውስጥ የገባውን። ለወራት 5 በመቶ የነበረው ልዩነት በድንገት 12 በመቶ ከሆነ ናፍጣው ከታንክ ወጥቶ ሞተር ሳይደርስ የቀረበት ምክንያት አለ፤ ወይ ቱቦ ያፈሳል፣ ወይ ሰው ይቀዳል። ሾፌሩን ከሐሜት የሚያድነውም ይኸው የሁለት መዝገብ ንጽጽር ነው።

የነዳጅ ጌጁን በተመለከተ ግን ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማለቁን ለማስጠንቀቅ ነው የተሠራው፤ ግማሽ ሲል ግማሽ ነው ብሎ ማስላት አይቻልም።

«የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይነካ ነው»

ቆጣሪው መንገዱን አያይም፤ ዙር ይቆጥራል። ዙሩን ወደ ርቀት የሚለውጠው ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች ዲያሜትር ይህን ያህል ነው ብሎ ገምቶ ነው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ጎማ 12 ሚሊ ሜትር ጥርሱ ሲበላ ከሁለቱም ወገን 24 ሚሊ ሜትር ያጣል፤ ይህም 2.4 በመቶ ነው። ያረጀ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሸፈን ብዙ ዙር ስለሚዞር ቆጣሪው ያልተኬደ ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ በወረቀት ላይም መኪናው እያደር ቆጣቢ ይሆናል። አዲስ ጎማ በገባ ማግስት «ፍጆታው ጨመረ» የሚለው እሮሮ የሚነሳው ከዚህ ነው። እሮሮው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ አዲስ ጎማ በርግጥም ለመንከባለል የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ግን ምን ያህሉ እውነተኛ ፍጆታ፣ ምን ያህሉ የቆጣሪ ልዩነት እንደሆነ የሚለየው ቆጣሪውን ያስተያየ ሰው ብቻ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከጂፒኤስ ወይም ከመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ምልክቶች ጋር ማስተያየት ይበቃል።

«መኪናው ከቆመ ሂሳቡም ቆሟል»

ሞተሩ እየሠራ የቆመ ከባድ መኪና በሰዓት ወደ 3 ሊትር ሊያቃጥል ይችላል። ስምንት ሰዓት እንዲሁ ካደረ 24 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ በሊትር 2.5 ለሚሄድ መኪና የ60 ኪሎ ሜትር ናፍጣ። ስለዚህ ወረፋ የተጠበቀበትና የታደረበት ሰዓት መዝገቡ ላይ ይግባ፤ አለበለዚያ የመጋዘኑ ወረፋ በሾፌሩ እግር ይመካኛል። ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ ሞተርና ታንክ አለው፤ የእሱ ናፍጣ በአንድ ደረሰኝ ተደባልቆ ከመጣ መለየት አለበት። አድብሉ የሚባለው የጭስ ማጣሪያ ፈሳሽም በሊትር ስለሚሸጥ ብቻ ነዳጅ አይሆንም።

«ባዶ ሲመለስ ጥሩ ከሄደ ጎበዝ ነው»

ባዶ መኪና በሊትር ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ያደረሰው ዕቃ ግን የለም። 20 ቶን ጭኖ 1,000 ኪሎ ሜትርን በ400 ሊትር የሄደ መኪና በእያንዳንዱ ሊትር 50 ቶን-ኪሎ ሜትር ሠርቷል፤ አንድ ቶን-ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ማድረስ ነው። ከኪሎ ሜትሩ ጎን ቶኑን መጻፍ አንድ ዓምድ ብቻ ይጨምራል፤ ብዙ ክርክር ግን ይቀንሳል።

«የሁለት ጉዞ አማካይ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው»

600 ኪሎ ሜትር በሊትር 3፣ ሌላ 600 ኪሎ ሜትር በሊትር 2 ቢኬድ አማካዩ 2.5 ይመስላል። ሊትሩን ስንደምር ግን 200 እና 300፣ በድምሩ 500 ነው፤ 1,200 ለ500 ሲካፈል 2.4 ይሰጣል። የጉዞዎችን ውጤት መደመር አይሆንም፤ ኪሎ ሜትር ከኪሎ ሜትር፣ ሊትር ከሊትር ይደመርና መጨረሻ ላይ አንዴ ይካፈላል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ብዙ መኪና የሚያስተዳድሩትንም ይይዛል። በሊትር ግማሽ ኪሎ ሜትር መሻሻል የትም ቦታ እኩል የሚቆጥብ ይመስላል። በሊትር 2 የሚሄደው መኪና 2.5 ቢደርስ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ500 ወደ 400 ይወርዳል፤ 100 ሊትር ተረፈ። በሊትር 3 የሚሄደው 3.5 ቢደርስ ግን የሚተርፈው 48 ሊትር ገደማ ነው። ኢንጀክተር ለማስቀየር ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለና ሁለቱም ያንኑ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያሻሽሉ ከሆነ፣ ተራው በሊትር 2 የሚሄደው ነው።