ማንበብ የሚያስቸግረው ልጅና የባሕር ዳር ክረምት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰኔ መጨረሻ ሰርተፍኬት እጅ ሲገባ በብዙ ቤት የሚተላለፈው ፍርድ ይታወቃል፦ «ዘንድሮ ክረምት የለም፤ ቁጭ ብሎ ያጠናል።» ልጁ ማንበብ ወይም ስሌት ከልቡ የሚያስቸግረው ከሆነ ግን ፍርዱ የሚቆመው በተሳሳተ ግምት ላይ ነው። ግምቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ወሬ ሲያወራ ጎበዝ ነው፤ መጽሐፍ ሲያይ ነው የሚሰንፈው»

ምልክቱ ራሱ ይሄ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ከብልህነት ጋር አይያያዝም። ቃሉን ወደ ድምፅ መሰነጣጠቅና ድምፁን ከፊደል ጋር ማገናኘት ላይ ነው የሚይዘው። በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌም አለው፤ ስለዚህ ልጁን ከመቆጣት በፊት አባት ወይም አጎት በልጅነቱ ንባብ እንዴት እንደነበረ መጠየቅ ይጠቅማል።

«የኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል፤ ይህ ችግር የፈረንጅ ነው»

እውነት ነው፣ የአማርኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለድምፁ ታማኝ ነው። በዚህም ምክንያት ችግሩ በእኛ ልጆች ዘንድ ከስህተት ይልቅ በዝግታ ይገለጣል፦ ልጁ በትክክል ያነባል፣ ግን ፊደል በፊደል እየቆጠረ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ መጀመሪያውን ረስቶታል።

ከዚያ ደግሞ ፊደሉ የራሱ ወጥመዶች አሉት። 33ቱ ፊደላት በ7 ረድፍ ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ሙ በቀኝ ጎናቸው አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው ሳለ ሩ ያፈነግጣል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፦ «ክረምት» ሲባል ክ አናባቢ ይዛ ትነበባለች፣ ም እና ት ግን የላቸውም። መጥበቅና መላላት ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። «የውሃ ዋና» እና «ዋናው መንገድ»፣ «ልብስ ሰፊ» እና «ሐይቁ ሰፊ ነው» የሚለዩት በአውዱ ብቻ ነው፤ ቃል በቃል የሚታገል ልጅ ደግሞ አውዱን ገና አልያዘውም።

«ሀ ሁ»ን እንደ ዜማ ማውረዱ አያታልላችሁ። ፊደሎቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ለየብቻ ጽፋችሁ አደባልቁና አሳዩት። ሂ ለብቻዋ ስትመጣ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ ከተነሳ፣ የያዘው ዜማውን ነው።

«ዓይኑ ነው፣ መነጽር ይገዛለት»

ዓይንና ጆሮ መመርመር የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ አትዝለሉት። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ግን መነጽር ዲስሌክሲያን አያክምም።

«ክረምቱን ሙሉ አስጠኚ ይቀጠርለት»

በቀን ሦስት ሰዓት የሚያስጠና ሰው በአብዛኛው ያው ያልሠራውን መንገድ ይደግመዋል፦ ከመጽሐፍ ማስገልበጥ። ልጁ ቅርጹን እየሳለ ነው እንጂ እያነበበ አይደለም። የሚሠራው አጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ ነው፤ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 4 ቀን።

መጀመሪያ 3 ደቂቃ ወረቀት ሳይኖር በጆሮ ብቻ፦ «‹ጣና› ከሚለው ላይ ‹ጣ› ሲነሳ ምን ይቀራል? ከ‹ዓባይ› ላይ ‹ዓ› ሲወጣስ?» ቀጥሎ 5 ደቂቃ ካርድ፦ 5 የሚያውቃቸው ፊደላት፣ 1 አዲስ። እንደ በ እና ቦ ያሉ የሚደናገሩትን በአንድ ቀን አታስተምሩ፤ አንዱ እስኪጸና ሌላው ይቆይ። የቀረው 7 ደቂቃ ንባብ ነው፦ እናንተ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባላችሁ፣ አብራችሁ ትደግሙታላችሁ፣ ከዚያ ለብቻው ያነበዋል። ከ10 ቃል ከ1 በላይ የሚሳሳት ከሆነ ጽሑፉ ከብዶታል፤ ቀለል ያለ ቀይሩ። ያው ጽሑፍ ለሦስት ቀን ይደገም፤ ይሰለቻል ብላችሁ አትስጉ፣ ፍጥነት የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው።

«ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው»

ዝናብ ሲይዝ ገበጣ አውጡ። 12 ጉድጓድ በየ4 ጠጠር 48 ነው፤ ቁጥር ለሚያስቸግረው በየ3 ጀምሩ። ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት «የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ጨዋታውን የሚያበላሸው ፈጣኑ ታላቅ ወንድም ነው፦ ቀድሞ ቆጥሮ ይነግረዋል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። አውራጁ ቤት እየመታ ሲገጥም ተቀባዮቹ ይመልሳሉ፤ ቤት መምታት ማለት የቃሉን መጨረሻ ድምፅ መስማት ነው፣ ማለትም ንባብ የሚጠይቀው ያው ችሎታ። ልጁን ሁለት ሦስት ስንኝ አስገጥሙት።

«ስኳር ነው የሚያቅበጠብጠው»

አይደለም። ማን ስኳር እንደወሰደ ልጆቹም ወላጆቹም ሳያውቁ በተደረጉ ሙከራዎች የባህርይ ልዩነት አልታየም። የጥርሱ ጉዳይ ሌላ ነው።

«ይህን ልጅ ይዞ ጀልባ? አይታሰብም»

ይታሰባል፣ ከተዘጋጁበት። ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነፋስ ስለሚበዛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ከቀትር በፊት ተመለሱ። በዋዜማው ማታ የቀኑን ቅደም ተከተል በ4 ሥዕል ሣሉለት፦ ወደብ፣ ጀልባ፣ ገዳም፣ ምሳ። የሚረበሸው ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን ባለማወቁ ነው። ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ ከሞተሩ ርቆ በጀልባው ፊት በኩል ይቀመጥ። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጠው። የተንሳፋፊ ጃኬቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ አገጩን ካለፈ ሰፍቶታል፣ አነስ ያለ ጠይቁ።

እናትም እህትም አብረው እንዲገቡ ዘጌ ላይ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ምረጡ፤ በደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። በግድግዳው ሥዕል ፊት «መጀመሪያ ምን ሆነ? ከዚያስ?» እያላችሁ አስተርኩት። ፊደል ሳያይ ታሪክ ማደራጀት ይለማመዳል።

«ሐይቅ ዳር እያደረ ዋና ካልለመደ!»

ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፣ ከውሃ ወጥቶ በፎጣ መድረቅም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ዋና በክሎሪን በታከመ የሆቴል ገንዳ ይሁን። ሐይቁ ውስጥ ከገባ ግን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ሰገራ አስመርምሩት፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ላይታይ ይችላል።

«ለመምህሩ መንገር ልጁን ማሳፈር ነው»

በተጨናነቀ ክፍል መምህሩ ራሱ እስኪደርስበት ግማሽ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። መስከረም ላይ ሦስት መስመር ጻፉለት፦ የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ፣ ክረምቱን ምን እንደረዳው፣ እና አስቀድሞ ሳይነገረው በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ እንዳይጠራ።