ቪላ አልፋ፦ የአንኮበሩ ሠዓሊ ጋለሪ

ቪላ አልፋ አዲስ አበባ፣ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ የሚገኝ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ መኖሪያ፣ ስቱዲዮና ጋለሪ ነው። የባለ22 ክፍሉን ቤት ንድፍ ያወጡት ራሳቸው ሠዓሊው ናቸው። ቤቱ አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ሰሜን ሸዋ ላይ «የእኛ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አልተሳሳተም።

አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አንኮበር፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በልጅነታቸው የከተማዋ ግድግዳዎች ላይ ይስሉ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ግን የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። እዚያ ዝንባሌያቸው አሸነፈ። ለንደን የሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ።

ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ያኔ ጋለሪ ብርቅ ነበር። ሠዓሊ ወይ ለቤተ ክርስቲያን ይስላል፣ ወይ ለቤተ መንግሥት፣ ካልሆነም ለፈረንጅ ይሸጣል። ሌላው የሸዋ ሰው፣ የሰላሌው አለ ፈለገ ሰላም፣ ችግሩን በትምህርት በኩል ያዙት፤ አርት ስኩልን መሠረቱ። አፈወርቅ ደግሞ ቤት ሠሩ።

የቪላ አልፋ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ጋለሪ የብዙ ሠዓሊዎችን ሥራ እያፈራረቀ ያሳያል፣ ይሸጣል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል። እዚህ ግን ያለው የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አፈወርቅ ሥዕል ለመሸጥ እጃቸው አይፈታም ነበር፤ በዚህም የተነሳ ብዙው ሥራቸው በየሀብታሙ ሳሎን ሳይበተን አንድ ላይ ቆየ። ጎብኚን ክፍል ለክፍል እየዞሩ የሚያስረዱትም ራሳቸው ነበሩ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ድክመቱም ግን እዚያው ውስጥ አለ፦ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ጋለሪው ሠዓሊውንም አስጎብኚውንም በአንድ ቀን አጣ።

ቪላ አልፋን ማየት ያልቻለ ሰው አማራጭ አለው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የባለቀለም መስታወት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 ዳግም ተከፍቷል። ለመንገደኛ የሚቀለው ግን ፒያሳ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። የአንኮበሩ ልጅ እጅ እዚያም አለ።