ግሪምዳርክ ምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥላ ፈልጌ ቁጭ ብያለሁ። ጭኔ ላይ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ተዘርግቷል። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ መጣና ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ አየ። «አንተ፣ በመጀመሪያው ቅጽ ሰው ሁሉ አለቀ ብለህ ስታማርር አልነበር? ደግሞ ሁለተኛውን ጀመርክ?» አለኝ። «ግሪምዳርክ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» አልኩት። «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» ሲለኝ «ያው ጨለም ያለ ፋንታሲ፣ በምናብ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ልብ ወለድ» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ለራሴም አላጠገበኝም።

ቃሉ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ጭፍግግ ያለ ጨለማ» ብንለው ያስኬዳል። የተወለደው ከጨዋታ ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር ዋርሃመር 40,000 የሚባል፣ ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ምስሎች የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ወጣ። መፈክሩ በሩቁ ዘመን ጨለማ ውስጥ ከጦርነት በቀር ምንም የለም የሚል ነው። ግሪምዳርክ የሚለው ስም ከዚያ መፈክር ተቆርሶ ወደ ልብ ወለድ ተሻገረ። ዛሬ አንዱ ለማድነቅ ይጠቀምበታል፣ ሌላው ለማንጓጠጥ።

ብዙ ሰው ግሪምዳርክ ሲባል ደም የበዛበት ታሪክ ይመስለዋል። ደምማ በየተረቱ አለ። ልዩነቱ ዋስትናው ላይ ነው። ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን የምንቀበለው ውል እየገባን ነበር። ክፉው ይቀጣል፣ የዋሁ ይተርፋል፣ መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባልና ወደ መኝታ። ግሪምዳርክ ይህን ውል ይቀደዋል። ደግ ስለሆንክ አትተርፍም። እውነት ስለያዝክ አታሸንፍም። ንጉሡም አማፂውም እጃቸው ንጹሕ አይደለም።

የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ ነው እንዳንል ደግሞ የአህያዋ ተረት አለችብን። አነጋገሩ ከቤት ቤት ይለያያል፣ እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ዝናብ ጠፋብን ብለው ይሰበሰባሉ። ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ አለ፣ እንናዘዝ ይባባላሉ። አንበሳው በሬ በላሁ ይላል። ስለሚፈሩት «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው» ይሉታል። ነብሩ ፍየል፣ ጅቡ ዶሮ በልተዋል፤ እነሱም ታለፉ። አህያዋ ጭነት ተሸክማ ስትሄድ፣ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ጊዜ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር እንደነጨች ተናገረች። «አሃ! ዝናቡን የከለከልሽን አንቺ ነሽ» አሏት። ተበላች። በቃ፣ ተረቱ አለቀ። አያቶቻችን ስሙን አያውቁትም እንጂ ነገሩን አሳምረው ያውቁታል።

ታዲያ ሁለተኛው ቅጽ ለምን ይለያል? የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ሰው ሲሞት ደራሲው ሊያስደነግጠን ነው ብለን እናልፈዋለን። ሁለተኛው ላይ ግን ጠባዩ መሆኑ ይገባናል። እኔ የያዝኩት ካናዳዊው ስቲቨን ኤሪክሰን የጻፈው የማላዛን ተከታታይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2011 በ10 ቅጽ ወጥቷል፤ ሁለተኛው የ2000 ነው። ሰውየው አርኪዮሎጂና አንትሮፖሎጂ የተማረ ነው፣ ያስታውቅበታልም። አንዱ ከተማ በሌላው ፍርስራሽ ላይ ነው የቆመው። ሁለተኛውን ቅጽ ስትከፍቱ ሌላ አህጉር ላይ ናችሁ። በስንት መከራ ስማቸውን ያጠናችኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሉም። መጀመሪያ አካባቢ ከመኳንንት ወገን የሆነች ልጅ እጇ ታስሮ ወደ ማዕድን ቁፋሮ ትጋዛለች። የፈረደባት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ እኅቷ። መጽሐፉን አጥፌ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ።

የቅጹ እምብርት ግን ጉዞ ነው። በረሃው ውስጥ አመፅ ይነሣል። አንድ የጦር አዛዥ በጥቂት ወታደር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ከፊትም ከኋላም እየተዋጋ ያጓጉዛል። ተፈናቃይ የሚለውን ቃል ያለ ፋንታሲም የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አነባበቤ ቀዘቀዘ። ከተፈናቃዮቹ መካከል መኳንንት አሉ፤ ወንዝ ሲደረስ ቁስለኛው ሳይሻገር እኛ እንቅደም ይላሉ። ይህን ሁሉ የሚያየው የመንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ነው። የእኛን ጸሐፌ ትእዛዝ አስቡት፤ ልዩነቱ ይሄኛው ከዙፋኑ ሥር ሳይሆን ከአቧራው መሐል ሆኖ ነው የሚያየው።

እዚህ ጋ ከብዙ አንባቢ እለያለሁ። ይህ ቅጽ ጨለማ ነው፣ ግሪምዳርክ ግን አይመስለኝም። የአህያዋ ተረት ውስጥ «ተዉአት» የሚል አንድም አፍ የለም። እዚህ አለ። ወታደሮቹ ለማያውቁት፣ አንዳንዴም ለሚሰድባቸው ሰው ይሞታሉ። ይጠቅማል ወይ? መጨረሻውን አልናገርም። ሙከራው መኖሩ ብቻ ለእኔ ታሪኩን ከዚያ ሳጥን ያወጣዋል። እውነተኛ ግሪምዳርክ ውስጥ ደግነት ወይ ሞኝነት ነው ወይ ማታለያ።

ማንበብ ለሚፈልግ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን ካርታና የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ምልክት አድርጉበት፣ ትመላለሱበታላችሁ። የመጀመሪያው መቶ ገጽ ካልገባችሁ ችግሩ የእናንተ አይደለም፤ ማንም አይገባውም።

ይህን ሁሉ በማግስቱ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን አዘንብለው የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። አዳመጠኝና «ሰዎቹ አዲስ ከሆኑ ታዲያ በቀጥታ ከሁለተኛው ብጀምርስ?» አለኝ። ይቻላል፣ እንደዚያ የሚያደርጉም አሉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ነው የሰጠሁት። ምን እንደተወሰደበት ሳያውቅ ሁለተኛው አያመውም። ማክሰኞ ደወለና «ይሄ አሁን የሞተው ማን ነበር?» አለኝ።