የማኒ ፓኪያው ጉዞ በስምንት የክብደት ምድቦች

ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያው በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ ብቸኛው ቦክሰኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሚንዳናው ደሴት ተወልዶ በድህነት ያደገው ይህ ግራኝ ቡጢኛ ወደ ሙያዊ ቦክስ የገባው በ1995፣ ገና በ16 ዓመቱ ነበር።

የመጀመሪያውን የዓለም ቀበቶ ያገኘው በ1998 ወደ ታይላንድ ተጉዞ ከ50.8 ኪሎ ግራም በማይበልጠው በፍላይ ዌት ምድብ ቻትቻይ ሳሳኩልን በስምንተኛው ዙር በዝረራ ሲያሸንፍ ነው። በዓመቱ ግን ሰውነቱ እያደገ በመሄዱ የምድቡን ክብደት ማሟላት ስላልቻለ ቀበቶውን ገና ሚዛን ላይ ሳለ አጣ፤ ግጥሚያውንም ተሸነፈ። በ2001 በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ተጠርቶ ደቡብ አፍሪካዊውን ሌህሎሆኖሎ ሌድዋባን በስድስተኛው ዙር ሲረታ፣ ከአሠልጣኙ ከፍሬዲ ሮች ጋር የጀመረው የረጅም ዘመን ሥራ የመጀመሪያ ፍሬውን አፈራ። በ2003 ደግሞ ሜክሲኳዊውን ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራን አሸንፎ የፌዘር ዌት ቁንጮ ሆነ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከማርች 2008 እስከ ኖቬምበር 2010 ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ 32 ወራት ውስጥ ሁዋን ማኑኤል ማርኬዝን፣ ዴቪድ ዲያዝን፣ ሪኪ ሃተንን፣ ሚጌል ኮቶንና አንቶኒዮ ማርጋሪቶን እየተከታተለ በማሸነፍ በአምስት የተለያዩ ምድቦች ነገሠ። በመካከሉም ከእሱ እጅግ የሚገዝፈው ኦስካር ዴላሆያ ከስምንተኛው ዙር በኋላ ከወንበሩ ሳይነሣ ግጥሚያውን አቋርጧል። ክብደት የሚጨምር ቦክሰኛ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን ይከፍላል፤ ፓኪያው ግን የእግሩን ቅልጥፍናና ከተለያየ አቅጣጫ የሚወረውረውን ተከታታይ ቡጢ ይዞ ወጣ።

በእርግጥ ስምንቱም ድሎች እኩል አይመዘኑም። በሁለቱ ምድቦች የያዘው ማዕረግ ከአራቱ ዋና ዋና የቦክስ ድርጅቶች የተሰጠ አልነበረም፤ የኮቶና የማርጋሪቶ ግጥሚያዎችም ከምድቡ ጣሪያ ዝቅ ብሎ በስምምነት በተወሰነ ክብደት የተካሄዱ ናቸው። ሆኖም ማርጋሪቶ በግጥሚያው ምሽት ከእሱ ከ7 ኪሎ ግራም በላይ ይከብድ ስለነበር፣ ስምምነቱ ድሉን አቀለለው ማለት ያስቸግራል።

በ2012 ማርኬዝ በዝረራ፣ በ2015 ፍሎይድ ሜይዌዘር በነጥብ አሸነፉት። እሱ ግን በ2019፣ በ40 ዓመቱ፣ እስከዚያ ያልተሸነፈውን ኪት ተርማንን ረትቶ በዌልተር ዌት ዳግም ቀበቶ ያዘ። በ2021 ጓንቱን ቢሰቅልም በ2025 በ46 ዓመቱ ተመልሶ ከሻምፒዮኑ ማሪዮ ባሪዮስ ጋር 12 ዙር ተፋልሞ አቻ ወጥቷል።