የገመድ ቦርሳና ማዳበሪያ ለየቅል ናቸው

«ለገመድ ደግሞ ቦርሳ? ማዳበሪያ አይበቃውም?»

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ባጃጅ ሹፌሩ ይለኛል፣ ጎረቤት ይለኛል፣ ይባስ ብሎ አብረውኝ ገደል የሚወጡ ልጆችም ይሉኛል። ለባጃጅ ሹፌሩ ግድ የለም። ነፍሱን በገመድ አንጠልጥሎ ማዳበሪያ የሚለኝ ሰው ግን ያናድደኛል።

«ቦርሳው ለመሸከሚያ ነው።» የስህተቱ ሁሉ እናት ይቺ ናት። ለመሸከም ብቻ ቢሆንማ ዘንቢልም ይበቃ ነበር። 60 ሜትር ገመድ 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጠቅልላችሁ ትከሻ ላይ ጣል ብታደርጉትም ያስኬዳል። ቦርሳው ሥራ የሚጀምረው ገደሉ ሥር ስትደርሱ ነው። ደህና የገመድ ቦርሳ ሲፈታ ሸራ ይሆናል። መሬት ላይ ትዘረጉታላችሁ፣ ገመዱ እላዩ ላይ ይከመራል፣ ገደሉን የሚወጣው ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ከዚያ እየተሳበ ይሄዳል። አፈር አይነካም።

ቢነካስ? ገመዱ ናይለን ነው። ከውጭ ልባስ አለው፣ ከውስጥ ዋናውን ሸክም የሚችለው ክር አለ። ደቃቅ አሸዋ በልባሱ ሾልኮ ይገባና ገመዱ በተወጠረና በታጠፈ ቁጥር ክሩን ይሞርደዋል። ከውጭ ብታዩት ምንም ላይመስል ይችላል። የጣና ዙሪያ ድንጋይ ደግሞ ባዛልት ነው፤ ስብርባሪው ስለት አለው። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አለላችሁ።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ ገመዱን በማዳበሪያ ይዞ መጣ። አፉን ፈታና መሬት ላይ ዘረገፈው። አንስቼ በጣቶቼ መሃል ሳሳልፈው መዳፌ ጥላሸት መሰለ። መሃል አካባቢ ልባሱ እንደ አሮጌ ሹራብ ጸጉር አውጥቷል። ማዳበሪያውን ስገለብጠው ስፌቱ ላይ ነጫጭ የዩሪያ ፍሬ ተጣብቋል። «ታጥቧል እኮ!» አለኝ። የገመድ አምራቾች ገመዱን ከኬሚካል አርቁ የሚሉት እኮ ለወሬ ማድመቂያ አይደለም።

ስለዚህ ስትገዙ ማንገቻውን ሳይሆን ሸራውን እዩ። ሱቁ ውስጥ ዘርጉት፤ ባለሱቁ ቢኮሳተርም ዘርጉት። ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካነሰ ገመዱ እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል። ጥግና ጥጉ ላይ ሁለት ማሰሪያ ይኑረው፤ አንዱ ለላይኛው ጫፍ፣ አንዱ ለታችኛው። የታችኛውን ጫፍ ሁልጊዜ እሰሩ። ጓደኛቸውን ሲያወርዱ ገመዱ አልቆ ጫፉ ከታች ከሚይዘው ሰው እጅ አምልጦ ስንት ሰው ወድቋል። ቦርሳ ባይኖራችሁም ጫፉን ቋጥሩት።

«ውሃ የማያስገባ ከሆነ አንደኛ ነው።» ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ፣ አዎ። ውሃ የማያስገባ ግን ውሃ አያስወጣም። ክረምት ላይ የረጠበ ገመድ አጭቃችሁበት ቤት ብታስቀምጡ በሳምንቱ የሻገተ ሽታ ይቀበላችኋል። ሲረጥብ ደግሞ አቅሙ ይቀንሳል፤ ደረቁ የሚችለውን ያህል ውድቀት አይችልም። ቤት ስትገቡ አውጡት፣ ጥላ ውስጥ ዘርጉት። ቆርቆሮ ላይ አታስጡት፤ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም፣ ናይለን ደግሞ አይወዳትም።

«ጠቅልሎ ማስገባት ይሻላል።» አይሻልም። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ዝም ብላችሁ ከምሩት፤ የሚያጣምመው ጥቅልሉ ነው።

«ቦርሳ ውስጥ ካለ ምንም አይነካውም።» የባትሪ አሲድ ይነካዋል። ጨርቅ አያስቆመውም፣ ጉዳቱም ላይታይ ይችላል። አንድ ወዳጄ ቦርሳውን ፒካፕ ላይ ከአሮጌ ባትሪ ጎን ጭኖት መጣ፤ የቦርሳው ታች እርጥብ ነበር። ገመዱን አላየሁትም፣ አልመረመርኩትም፤ ቢላ አመጣሁ። ወዳጄ ለሁለት ሳምንት አኩርፎኛል። ዛሬ ቁራጮቹ ላም ያስሩበታል። እርጅናንም ቦርሳ አይከለክልም፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ያለፈውን፣ ያልተነካም ቢሆን፣ ጣሉት ይላሉ።

«ደብረ ዳሞ በጠፍር ነው የሚወጣው፣ የምን ቦርሳ?» ይህንንም ብለውኛል። ጠፍር ቆዳ ነው ጌታዬ፣ እኛ የያዝነው ናይለን ነው።

«ውጭ አገር ካልተሠራ አይሆንም።» ይሆናል። የእኔን የሰፋው ገበያ ውስጥ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ነው። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ሸራ፣ ጥጉ ላይ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ማሰሪያዎች፣ ጠቅልሎ የሚያስር ጠፍጣፋ ገመድ። ዚፕ ላድርግበት ካላችሁ እምቢ በሉ። አሸዋ የገባበት ዚፕ ገደል ሥር ተነክሶ ይቀራል፤ ጥርሱ ጠርዝ ላይ ያለውን ገመድም ይፍቃል።