ፕሊፕ ምንድን ነው? ከርነልን በፕሪንተር መሰኪያ ኔትወርክ እንዲሰራ ማዋቀር

የድሮ ኮምፒውተር ጀርባውን ብታዞሩት ባለ 25 ቀዳዳ ሰፊ መሰኪያ ታገኛላችሁ። ፓራለል ፖርት ይባላል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በፕሪንተር ነው። ፕሊፕ፣ በሙሉ ስሙ ፓራለል ላይን ኢንተርኔት ፕሮቶኮል፣ ሁለት ኮምፒውተሮችን በዚሁ መሰኪያ አገናኝቶ የኢንተርኔት ፓኬት፣ ማለትም በትንሽ በትንሹ የተከፋፈለ ዳታ፣ የሚያመላልስ ዘዴ ነው። የኔትወርክ ካርድም ሆነ ስዊች አይፈልግም። አንድ ኬብልና በአግባቡ የተዋቀረ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚቆጣጠረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብዙ ላፕቶፖች የኔትወርክ ካርድም ሲዲ ማንበቢያም አልነበራቸውም። ማሽኑን በፍሎፒ አስነስቶ የቀረውን ሲስተም ከሌላ ኮምፒውተር በዚህ ኬብል መሳብ ትልቅ ግልግል ነበር። ሌላው አማራጭ ሲሪያል ፖርት ነበር። እሱ ግን ቢት በቢት ስለሚልክ ያዘግማል።

ተራ የፕሪንተር ኬብል እዚህ አይሰራም። የሚያስፈልገው ላፕሊንክ ወይም ነል ፕሪንተር የሚባለው፣ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነና ውስጡ ያሉት ሽቦዎች የተሻገሩ ኬብል ነው። ምክንያቱ ከፖርቱ አሰራር ይመጣል። ፖርቱ የተሰራው ለመላክ ነው፤ 8 የዳታ መስመሮች ወደ ውጭ ይወጣሉ። ወደ ውስጥ የሚገቡት ግን 5 ብቻ ናቸው። በነሱ ፕሪንተሩ «ስራ ላይ ነኝ»፣ «ወረቀት አልቋል»፣ «ደርሶኛል» የመሳሰለውን ይናገራል። ኬብሉ የአንዱን ማሽን 5 የዳታ መስመሮች ከሌላው 5 ገቢ መስመሮች (የሁኔታ መስመሮች ይባላሉ) ጋር ያገናኛል። ከ5ቱ 4ቱ ዳታ ይሸከማሉ፣ 5ኛው ምልክት መስጫ ነው። ስለዚህ አንድ ባይት የሚሄደው ለሁለት ተከፍሎ ነው።

የላቲኑን «ኤ» ፊደል እንላክ። ቁጥሩ 65 ነው፣ በሁለትዮሽ 01000001። ላኪው መጀመሪያ የታችኛውን ግማሽ፣ 0001ን፣ መስመሮቹ ላይ ያስቀምጥና ምልክት መስጫውን ከፍ ያደርጋል። ተቀባዩ ያነበዋል፣ የራሱንም ምልክት ከፍ አድርጎ «ያዝኩት» ይላል። ይህን ያየው ላኪ የላይኛውን ግማሽ፣ 0100ን፣ ያስቀምጥና ምልክቱን ዝቅ ያደርጋል። ተቀባዩም አንብቦ የራሱን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ባይት ሄደ ማለት ነው። ፓኬቱ ሲጀምር ርዝመቱ፣ ሲያልቅ ደግሞ ማረጋገጫ ድምሩ በዚሁ መንገድ ይላካል። ለፕሪንተር ወሬ ብቻ በተተዉ አምስት ሽቦዎች ይህን ማድረግ መቻሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁሌም ያስደንቀኛል።

ዋጋው ግን አለ። እያንዳንዷን ግማሽ ባይት የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ፍጥነቱም በሰከንድ በአስር ኪሎባይቶች የሚቆጠር ነው።

አሁን ወደ ከርነሉ። ሊኑክስ ላይ ማብራት ያለባችሁ ነገር ሶስት ደረጃ አለው። አንደኛው አጠቃላይ የፓራለል ፖርት ድጋፍ ነው። ሁለተኛው የፒሲ ዓይነት ፖርት ድራይቨር ነው፤ ሃርድዌሩን በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። ሶስተኛው ራሱ ፕሊፕ ነው። ፕሊፕን በፓራለል ፖርቱ ዝርዝር ውስጥ ስትፈልጉ እንዳትደክሙ፤ ያለው ከኔትወርክ መሳሪያዎች ጋር ነው። ለከርነሉ ፕሊፕ እንደማንኛውም የኔትወርክ ካርድ ነው፣ ሽቦው የየት ይሁን ግድ የለውም።

እኔ ሶስቱንም በሞጁል መልክ፣ ማለትም ሲያስፈልግ ብቻ ከርነሉ ላይ እንደሚጫን ቁራጭ፣ መስራቱን እመርጣለሁ። ሞጁል ሲጫን የፖርቱን አድራሻና የኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ቁጥር መስጠት ስለሚቻል፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ከርነሉን እንደገና መገንባት አያስፈልግም። ማሽኑ ዋናውን የፋይል ሲስተም በዚህ ኬብል በኩል ካነሳ ግን ከርነሉ ውስጥ መካተታቸው ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በኢንተራፕቱ ነው። ላኪው ሊጀምር ሲል አንድ የዳታ መስመር ከፍ ያደርጋል። ያ መስመር በሌላው ማሽን በኩል «ደርሶኛል» ከሚለው ፒን ጋር የተገናኘ ነው፣ እሱ ሲነቃነቅ ደግሞ ኢንተራፕት ይነሳል። ለመጀመሪያው ፖርት የተለመደው አድራሻ በሄክሳዴሲማል 378፣ ኢንተራፕቱ 7 ነው። ለሁለተኛው 278 እና 5። የሊኑክሱ ድራይቨር ፖርቱን አግኝቶ ኢንተራፕቱን ሳይዝ ሊቀር ይችላል። ያኔ ፕሊፕ አይሞትም፤ በሰዓት ቆጣሪ እየታገዘ በየጊዜው መስመሩን ይፈትሻል፣ በጣም ይዘገያል። ሲነሳ ያለ ኢንተራፕት እየሰራ መሆኑን በከርነሉ መልዕክቶች ውስጥ ይናገራል። ስለዚህ «ቀስ አለብኝ» ከማለታችሁ በፊት እሱን እዩ። ቁጥሮቹም ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ካሉት ጋር መግጠማቸውን አረጋግጡ።

ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ አካሄዱ ያው ነው፤ የከርነሉ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የፖርቱ መቆጣጠሪያ፣ የፓራለል ፖርት ባሱና ፕሊፕ ይገባሉ። አንድ ጉዳይ ግን ልብ በሉ። ፍሪቢኤስዲ በራሱ ልማድ የሚልከው የፓኬት ራስጌ (ከዳታው በፊት የሚቀመጠው መረጃ) ከሊኑክሱ ይለያል። አንዱ ጫፍ ሊኑክስ ከሆነ፣ በፍሪቢኤስዲው በኩል ሊንክ0 የሚባለውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ኬብሉ፣ አድራሻው፣ ኢንተራፕቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ምንም አይነጋገሩም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ግንኙነቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ ትሰጣላችሁ፤ የራሱንና የጎረቤቱን። አንዱ 10.0.0.1 ከሆነ ሌላውን 10.0.0.2 አድርጉት፣ በወዲያኛው ማሽን ደግሞ በግልባጩ። ከዚያ ሌላው ማሽን መልስ መስጠቱን በፒንግ ትዕዛዝ ሞክሩ። ፕሊፕ ስራ ላይ እያለ ፖርቱን ስለሚይዘው፣ በዚያው ፖርት ፕሪንተር ለመጠቀም መጀመሪያ ፕሊፕን ማቆም አለባችሁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሁሌም ይነሳል፦ በዩኤስቢ የሚሰካ የፓራለል መቀየሪያ ገመድ ይሰራል ወይ? የተለመዱት አይሰሩም። እነሱ ለኮምፒውተሩ የሚታዩት እንደ ፕሪንተር እንጂ እንደ ፖርት አይደለም፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ማንሳትና መጣል አያስችሉም። ፕሊፕ ደግሞ ያለ እሱ አይሆንለትም። ማዘርቦርዱ ላይ እውነተኛ ፖርት ከሌለ፣ ፒሲአይ ላይ የሚገጠም የፓራለል ካርድ ፈልጉ።