የረግረግ መመልከቻ ማማ ምንድን ነው?

ማሽላ ሲያሽት ማሳው መሃል የሚቆመውን ማማ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጠባቂው እላዩ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያስጮኸ ወፍ ያባርራል። መታየትም መሰማትም አለበት። የረግረግ መመልከቻ ማማ በቁመናው ይመስለዋል፣ ሥራው ግን ተቃራኒው ነው። እዚህ የወጣ ሰው ሻላውን፣ ዳክዬውን፣ ጉማሬውን ያያል፤ እነሱ ደግሞ ሰው መኖሩን ሳያውቁ መብላታቸውንና ማረፋቸውን ይቀጥላሉ። ማማው ሲሠራ እንስሳቱ ከሸሹ ግን የተሠራው ከፍ ያለ በረንዳ ነው።

ዘላቂ ማማ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው እንጨቱ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ነው። እሱም አንድ ነገር ነው። ለእኔ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ወፎቹ እዚያው አሉ ወይ የሚለው ነው።

ጣናን እንውሰድ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሐይቁንና ዙሪያውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ተጠብቆ ሰውም አብሮት በሚኖርበት አካባቢነት፣ መዝግቦታል። በምሥራቅ በኩል የፎገራ ሜዳ አለ፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዝ የሚዘራበት፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ። ከጥቅምት ጀምሮ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከአውሮፓ መጥተው እዚህ አካባቢ ይከርማሉ። ኢስቶኒያ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ ከታሰረላቸው መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የዘለቁ አሉ። እንግዲህ እነዚህን ለማየት ማማ እንሥራ ብንል የት እናቆመዋለን?

ከባዱ ነገር ይኼ ነው። የጣና ውሃ ከግንቦትና ሰኔ ዝቅታው እስከ መስከረም ድረስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሜዳው ግን ዝርግ ስለሆነ ያቺ ከፍታ ውሃውን ብዙ ርቀት ትወስደዋለች። ጥቅምት ላይ ዳር መስሎ የታየው ቦታ ግንቦት ላይ ደረቅ ግጦሽ ይሆናል፣ ወፎቹም ውሃውን ተከትለው ርቀው ይሄዳሉ። ግንቦት ላይ ዳር ነው ተብሎ የተሠራው ደግሞ መስከረም ላይ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ዓመት ሳያዩ ቦታ መምረጥ አይገባም፤ ለማየት ጊዜ የሌለው መሐንዲስ ቢያንስ ከብት ጠባቂዎቹንና ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቅ፣ ውሃው የት እንደሚደርስ፣ ጉማሬ ሌሊት በየት እንደሚወጣ በትክክል ይነግሩታል።

ቀጥሎ ፀሐይ። ወፎቹ በብዛት በሚኖሩበት ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከኩሬው በስተደቡብ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ማማ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ከኋላው ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ግን ጠዋት ግሩም ነው፤ ከሰዓት በኋላ የውሃው ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል፣ ወፉም ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል።

መሬቱ ዋልካ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ያልጠለቀ መሠረት እያነሳ ይጥላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ኮንክሪት መሙላት ነው። ግን እርጥብ ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ይጎዳል፤ ለቁፋሮና ለመኪና ተብሎ የሚደለደለው አፈር ደግሞ የውሃውን መንገድ ይዘጋል። እኔ የምመርጠው እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ወደታች የሚገባውን የብረት ምሰሶ ነው። ቁፋሮ የለውም፣ ውሃው በመሃሉ ያልፋል፣ ቦታው ስህተት ሆኖ ከተገኘም ተነቅሎ ይወጣል።

ባህር ዛፍ ርካሽና ቅርብ ነው፤ እርጥብ መሬት ውስጥ ከተተከለ ግን ይበሰብሳል፣ ደረቁን ደግሞ ምስጥ አይምረውም። እባካችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡት። ግቢ አጥር ላይ የለመድነው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ዘይቱ እየታጠበ ውሃው ውስጥ ይገባል። ወይራና ጥድ ጠንካራ ናቸው፤ ተፈጥሮ ለማሳየት ብሎ አገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ከውሃው ጋር የሚነካካው ዚንክ የተለበጠ ብረት ይሁን፣ ባህር ዛፉ ከላይ ለወለሉና ለደረጃው፣ ቀርከሃው ከጣሪያው ሥር ለግድግዳው። ሁሉም በብሎን ይያያዝ። አንድ ጣውላ ሲበላሽ የሰፈሩ አናጺ በግማሽ ቀን ፈትቶ ይቀይረዋል።

ቁመት ላይ መወዳደር አያስፈልግም። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ከደንገሉ በላይ የሚያሳይ ከ4 እስከ 6 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ማማው ራሱ ከሩቅ ይታያል፣ ይወዛወዛልም። በቴሌስኮፕ ለሚያይ ሰው ደግሞ የጎረቤቱ አንድ እርምጃ ምስሉን ያናውጥበታል። ስለዚህ እግሮቹ በሰያፍ ይታሰሩ።

በጀቱ ሲወጣ የሚረሳው መንገዱ ነው። ወፎች የሚሸሹት አብዛኛውን ጊዜ ማማው ላይ ካለው ሰው አይደለም፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ማማው ከሚመጣው ነው። መንገዱ በደንገል ወይም በሸምበቆ አጥር ካልተሸፈነ ሰው ደረጃው ጋ ሲደርስ የሚያየው ነገር ተነስቶ በሯል። ግድግዳው ላይ ቀጭን አግዳሚ መስኮት፣ ከኋላ ዛፍ ወይም ጣሪያ የሰውን ቅርጽ ከሰማዩ የሚደብቅ፣ መሬት ላይ ደግሞ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ያንኑ መስኮት ያለው መደበቂያ ክፍል ቢኖር ደስ ይለኛል።

የአካባቢው ሰው ጉዳይም አለ። ግጦሹን ዘግተህ፣ ደንገሉን እንዳይቆርጥ ከልክለህ፣ ከመግቢያው ክፍያ ምንም ካላደረስከው ጣውላው ለማገዶ ቢወሰድ ማንን ትወቅሳለህ? አስጎብኚውም፣ ጥበቃውም፣ ጠጋኙም ከዚያው ቀበሌ ይሁን፤ የጥገናው ገንዘብም ከመጀመሪያው ይመደብ።

ማማ ጨርሶ የማይገባበት ቦታም አለ። ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ደንገል አጠገብ ከፍ ያለ ነገር ማቆም ለጭልፊትና ለቁራ መቀመጫ መስጠት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ደግሞ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ ወፍ በክረምት የምትራባበት ነው። ሣር ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር ከላይ ሆነህ አታያትም። እሷን የሚጠቅማት ጫጩቶቿ እስኪያድጉ ድረስ ከብትም ሰውም የማይገባበት ሣር ነው፤ ለማማ የተያዘ ገንዘብ ካለ ለዚያ ጥበቃ ይዋል።